በርሜሉን የሚሞላው

ነቀምቴ፣ የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአያቴ ለአኮዬ፣

ስኳርሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? አክስቴ አዳነች «ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ጠይቅ» ስላለችኝ ጠየቅሁ። አሁን ደግሞ የራሴን ልጠይቅ፤ ውኃ ማን ይቀዳልሻል?

«ሥራው ይሠራል፣ አንተ ትምህርትህን ያዝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ አላሳመነኝም። ወንድሜ እያለ ከምንጩ ውኃ የሚያመጣው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ የጎረቤት ፍየል ከጎመንሽ ላይ የሚያባርረው እሱ ነበር። ሮቤራ ታኅሣሥ ላይ ከሞተር ሳይክሉ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው ይህንኑ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ስለ ክብደት ሲያስረዳ፣ ለእኔ የሚታየኝ ጀሪካን ጀርባሽ ላይ ታዝሎ ነው።

አትንገራት ተብያለሁ፣ ግን ልንገርሽ። አዳነች ቆርጣለች። «ክረምቱ ሲገባ እዚያ ቤት ብቻዋን ከሆነች፣ ቤቱን ቆልፈን ነቀምቴ እናመጣታለን» ብላለች። አንቺ ደግሞ ከአርጆ ከምትወጪ ጥርስሽ ቢወልቅ እንደምትመርጪ አውቃለሁ። ስለዚህ እውነቱን ጻፊልኝ። የሚረዳሽ ሰው ካለ ስሙን ንገሪኝና ለአዳነች ላሳያት።

ታለቅሳለህ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ደህና ነኝ። ፈተና ደርሷል።

ነመራ አባዱላውን ሲያስነሳ ደብዳቤውን ብሰጠው «የአርጆ ስልክ ጠፋ ብላችሁ ሹፌሩን ፖስተኛ አደረጋችሁት፤ ግንባሬ ላይ ቴምብር ለጥፉልኝ እንጂ!» አለ። ሰላም ብሎሻል።

ልጅሽ ኢቢሳ


አርጆ፣ የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢቢሳ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጽሑፍህ ከመስመር ይወጣል። ዕድሜዋን ስታስተምር የኖረች ሴት ያሳደገችው ልጅ እንዲህ አይጽፍም፤ ከአሥር ሰባት ሰጥቼሃለሁ።

ስለ ጤናዬ ከጠየቅህ፣ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ፊደል እየቆጠርኩ ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቅሳለሁ። መጨረሻው ፊደል ላይ ስደርስ ጉልበቴም ይነቃል። ከዚያ እጸልያለሁ። ከዚያ ማንም ባያየኝም ፈገግ እላለሁ፤ ክኒኔን የምውጠው ከፈገግታው በኋላ ነው። ሳቅ እንግዲህ! የእኔ ዕድሜ ሴት ፊቷን ካላሠራችው እንደ ዛገ ማጠፊያ ይደርቅባታል። ከዚያ ጎመኔን እኮተኩታለሁ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ውስጥ እቀመጣለሁ። ማማረር ቀላል ሥራ ነው፤ ቀላል ሥራ ደግሞ ሰውን አያጠነክርም።

ውኃ ማን ይቀዳልሻል ላልከኝ፣ አላውቅም።

ለቅሶ የመጣው ሰው ከተበተነ በኋላ አንድ ጠዋት ስወጣ በርሜሉ ሙሉ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤታችን ወሰኔ ናት ብዬ ላመሰግናት አጥሩ ጋ ሄድኩ። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ለራሴም አልቀዳሁ» አለችኝ። ሌላ ቀን እንጨቱ ተፈልጦ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ቆየኝ። ሌላ ቀን ደግሞ የወደቀው አጥር ታስሮ ቆመ። ድምፅ አልሰማሁም። ውሻውም አልጮኸም። ባዶዎቹ ጀሪካኖች በአጥሩ እንጨት ላይ አፋቸውን ወደ ታች ተሰክተዋል። ማን እንደዚያ ይሰካቸው እንደነበር አንተ ታውቃለህ።

ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። እኔም አልፈራሁም፤ ያስተማረ ሰው የማይጠየቅ ጥያቄ እንዳለ ያውቃል። ለአዳነች የምታሳያት ስም ግን የለኝም።

አኮህ


ነቀምቴ፣ መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

አኮዬ፣

ውሻው ለምን እንዳልጮኸ አስቢው። ለእኔ እንኳ ይጮኻል። የማይጮኸው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ደብዳቤሽን ለአዳነች አላሳየሁም። «ጎረቤት ይረዳታል» አልኳት። እሷም «የትኛው ጎረቤት?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። የሮቤራን ሞት ማንም አላረዳኝም። እናንተ እዚያ በለቅሶው ተጠምዳችሁ ነበር፤ አዳነች ደግሞ ፈተናዬ እስኪያልቅ ብላ ደበቀችኝ። በእረፍት ሰዓት አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ «ይሄ ወንድምህ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የሮቤራ ፎቶ ነው፣ ያ ቢጫ ሹራብ ለብሶ የሳቀበት። ጎኑ ሻማ አድርገውበታል። ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች «ነፍስ ይማር» ብለዋል። «አዎ፣ ወንድሜ ነው» ብዬ ስልኳን መለስኩላትና ደወል ሲደወል ክፍል ገባሁ። አርጆ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ያየሁት አፈር ነው። አፈር ደግሞ ማንም ይከምረዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሲመጣ ከሰማሽ በሩን ሳትከፍቺ «ኢቢሳ ሰላም ብሎሃል» በይው። ከመለሰ ጻፊልኝ። ካልመለሰም ጻፊልኝ። ፈርቻለሁ፣ ደግሞ ደስ ብሎኛል። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ኢቢሳ


አርጆ፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢቢሳ፣

ሰላምታህን አድርሻለሁ። ምላሽም ሰምቻለሁ፣ አንተ የጠበቅኸው ግን አይደለም።

ጎህ ሲቀድ ውኃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ወደ በሩ ተጠግቼ፣ እንዳልከው፣ «ኢቢሳ ሰላም ብሎሃል» አልኩ። ውኃው ዝም አለ። ቀጥሎ ጀሪካን ሲንከባለል፣ አንዱ «ያ ጎፍታ! ጌታ ሆይ!» እያለ ሲሮጥ ሰማሁና ከፈትኩ። የሮቤራ ጓደኛ ባቻ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ፈየራ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱንም ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ።

«ምን ትሠራላችሁ?» አልኳቸው።

«ዳዶ ነው፣ ቲቸር» አለ ባቻ፣ ከአጥሩ ሳይወርድ።

ዳዶ እኛ ሸዋዎች ወንፈል የምንለው ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ሮቤራ ለሁለቱም በቆሎ ሲኮተኩትላቸው ከርሞ የራሱ ተራ ሊደርስ ሲል ሞተ። እነሱም የሞተ ሰው ተራ አይዘለልም ብለው እሱ ይሠራልኝ የነበረውን ሊሠሩልኝ ተስማሙ።

«ታዲያ እንደ ሌባ አጥር መዝለል ምንድን ነው?»

«ካወቁማ ሊያበሉን ነዋ!» አለ ፈየራ። «በዳዶ የሠራን ሰው ማብላት ግዴታ ነው። እርስዎ በዚህ ጉልበትዎ ለእኛ ድስት ሲጥዱ? ሮቤራ ተነስቶ ነው የሚገድለን።»

«ውሻውስ?»

«አጥንት» አሉ በአንድ አፍ።

ጀሪካኑንም እንደዚያ የሚሰኩት ከእሱ አይተው ነው። በግድ አስቀምጬ አበላኋቸው። ፈየራ ሁለተኛውን ጉርሻ ሲውጥ «ስንሸሽ የከረምነው ይህን ወጥ ነው? ወይ እኔ ሞኙ!» አለ። ተራቸው በዚያ ቀን አለቀ፤ ለሥራ ወደ ዲጋ ሄደዋል።

ስቄ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ተቀመጥኩ፤ ጎመኑንም አልኮተኮትኩም። ሰው እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ኢቢሳ። ከመጀመሪያውም ሰው እንደሆነ አውቅ ነበር።

አኮህ


አርጆ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢቢሳ፣

በመጨረሻው ደብዳቤህ «አሁንስ ማን አለሽ?» ብለህ መጠየቅህ ተገቢ ነው። አዳነች ሻንጣ ገዝታልኛለች ያልከውን ሳነብ ሳቅሁ። እሷ ትጓዝበት።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በርሜሉ ባዶውን ሰነበተ። በየጠዋቱ ክዳኑን አነሣለሁ፣ ታች ድረስ አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከወሰኔ በማንቆርቆሪያ እየለመንኩ ቆየሁ። ሐዘኑ ያኔ ነው የመጣብኝ፤ ለቅሶው ላይ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። አሁን ግን ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። ምክንያቱም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ክዳኑን ሳነሣ ፊቴን ውኃው ውስጥ አየሁት። እስከ አፉ ድረስ ሞልቷል።

እነባቻ ናቸው እንዳትል። ነመራን በዲጋ ሲያልፍ አስጠየቅሁት፤ ሁለቱም ከዚያ አልተንቀሳቀሱም። ወሰኔንም አልጠየቅሁም፤ ይህን ሰሞን ታማ ተኝታለች፣ ምን እንደነካት አትናገርም። ጀሪካኖቹ እንደ ልማዳቸው ተሰክተዋል። የሮቤራ ቦት ጫማ ከበሩ ኋላ ነው ያለው፤ ሶሉ ላይ እርጥብ ጭቃ አለው።

ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም። እንቅልፌ እንደ ሕፃን ነው፣ ስነቃ ብቻ ይደክመኛል። ትከሻዬን ያመኛል፤ እርጅና ነው። ክኒኔን ጠዋትም ማታም አንድም ቀን አላሳለፍኩም። እራት ግን ትቻለሁ፤ ብቻዬን ስቆርስ እንጀራው አፌ ውስጥ ይበዛብኛል።

ለአዳነች እንዲህ በላት፤ አኮ ከዚህ አትወጣም። የሚመጣ ሰው አለ። መጥቶ የተቆለፈ ቤት ማግኘት የለበትም።

አኮህ


ነቀምቴ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

አኮዬ፣

ነመራ ዛሬ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንደ ወትሮው አልቀለደም። «ደብዳቤ አይደለም፤ ወሰኔ በአፌ የላከችው ነው» አለኝ።

ወሰኔ የታመመችው በምንጩ መንገድ ላይ ባየችው ነገር ነው። ጎህ ሳይቀድ ወርዳ አንድ ሰው አየች፤ የሮቤራን ቦት ጫማ አድርጓል፣ የሮቤራን ጃኬት ከነኮፍያው ለብሷል፣ ጀሪካን አዝሎ ዳገቱን ይወጣል። «አከም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» አለችው። አልመለሰም። አገራችን ላይ ሰላምታ የማይመልስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቤቷ ገብታ ተኛች። ሲሻላት ደግሞ ፈርታም ቢሆን ተመልሳ አደፈጠች። ዳገቱ ላይ ኮፍያው ወደ ኋላ ወደቀ።

አንቺ ነሽ፣ አኮ። ዓይንሽ ተከፍቷል። «ቲቸር!» ብላ ጮኸች፤ በአጠገቧ አልፈሽ ሄድሽ።

ጤና ጣቢያ ገብቼ ለነርሷ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ነገርኳት። ማታ ክኒን ውጦ እራት ያልበላ ሰው ንጋት ላይ ስኳሩ ይወርዳል አለችኝ። ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ሥራ ሊሠራ ይችላል፣ ሲነቃ አያስታውስም። አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ ይወድቅና አይነሣም። «አያትህ ናት?» አለችኝ። ወጣሁ።

ይህን ልነግርሽ ይገባል። ግን ከነገርኩሽ ሮቤራ አልመጣም ማለቴ ነው። ሞቷል ማለቴ ነው፣ እንደገና። ይህ መርዶ ነው፣ አኮ። መርዶ ደግሞ በሹፌር አይላክም።


ነቀምቴ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

አኮዬ፣

እኔ ደህና ነኝ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ወሰኔ ከሕመሟ በኋላ ማታ ማታ ብቻዋን መብላት ያስፈራት ጀምሯል አሉ። እባክሽ እራት አብረሻት ብዪ። ለእሷ ብለሽ። አልጋሽ አጠገብም ከረሜላ አስቀምጪ፣ ነመራ ይዞልሽ ይመጣል።

ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ስለ በርሜሉ ያልሽውን አንብቤያለሁ።

ኢቢሳ


አርጆ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢቢሳ፣

በሰላም መግባትህን ነመራ ነገረኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ያደረግኸውን በደንብ ነው ያደረግኸው። ማንም እንዲህ አላስተማረህም፣ እኔም አላስተማርኩህ። ሰማዩ ሳይለይ በሩ ሲንኳኳ፣ ስከፍት ቄሱን፣ ባቻን፣ ወሰኔን አየሁ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? «ደግሞ ማን ቀረኝ?» አልኩ በልቤ፤ አንተ ከፊታቸው ቆመሃል። ከዚያ አንተ «ሮቤራ ነው» አልክ። እኔም «እሱማ ሞቷል» አልኩ። አንተም «አዎ፣ አኮ። ሞቷል» አልክ። ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ዳገቱ ያወራኸው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእኔ ግን ያቺ «አዎ» በቃችኝ።

ቤቱ እንደገና ሞላ። አንዷ «ለአንድ ሰው ሁለት ለቅሶ?» ስትል ሰምቻታለሁ። «የመጀመሪያው ላይ እንግዳ ሳስተናግድ አላለቀስኩም» አልኳት።

ክኒኔን ቀንሰውልኛል። እራት ከወሰኔ ጋር ነው፤ እሷ ስትበላ ማየት ብቻውን ያጠግባል፣ ድስቱንም ትጨርሰዋለች። እነባቻ ተመልሰዋል፤ ዳዷቸው ውስጥ አስገቡኝ። እነሱ ውኃ ይቀዱልኛል፣ እኔ የፈየራን ታናሽ እህት ንባብ አስተምርላቸዋለሁ። ተራዬን ጠብቄ እከፍላለሁ፤ ልመና አይደለም። አዳነችም ይህን ሰምታ ሻንጣውን ለሌላ ሰው ሸጠችው አሉ።

ቦት ጫማውን ለባቻ ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት በርሜሉ ጋ ስወጣ አሁንም ክዳኑን ከማንሣቴ በፊት ቆም እላለሁ። ከዚያ ፈገግ እላለሁ። ይህኛው ፈገግታ ከባድ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ሁላችንም ስናለቅስ አየሁህ። እንደ ትምህርት ቤት ዘበኛ በሩ ላይ ቆመህ ነበር፤ ለሰው ወንበር ታቀብላለህ፣ ውኃ ታመጣለህ። ዓይንህ ደረቅ ነው። ለምን?

አኮህ


ነቀምቴ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

አኮዬ፣

መርዶ ነጋሪ አያለቅስም ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ይህን ወረቀት ስጀምር ያሰብኩት ያንን ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን አዳነች ዋናው በር ላይ አገኘችኝ። ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ባዶ እግሬን ነኝ፣ በሁለት እጄ ሁለት ጀሪካን ይዣለሁ። የእኛ ግቢ ቧንቧ እንዳለው ታውቂያለሽ። «ወዴት ነው?» ስትለኝ «ቀድሞኝ ወጥቷል፣ ልድረስበት» አልኳት አሉ። «ማን?» አለችኝ። ስሙን ነገርኳት። ትከሻዬን ስትይዘኝ ነቃሁ። ከአልጋዬ መነሣቴን አላስታውስም፤ በሩንም የከፈትኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ሳገኘው ነው።

አዳነች የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ ነገረችኝ። እኔን ላለማስደንገጥ ብላ ዝም ብላ ነበር። እዚህ ቤት ሰው ለሰው ብሎ የማይደብቀው ነገር የለም።

እራቴን በልቼ ነው የተኛሁት፣ አኮ። እኔ ስኳር የለብኝም።

አንቺን ሁለቴ አረዱሽ። እኔን ግን ማንም አላረዳኝም።

ኢቢሳ


አርጆ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዳነች፣

ይህ ደብዳቤ ላንቺ ነው። ነመራ እጅሽ ላይ እንዲያስቀምጥልሽ አስምዬዋለሁ። ለኢቢሳ እንዳታሳዪው። ዛሬ ለእሱም አንድ ወረቀት ልኬለታለሁ፤ ስለ ጎመንና ስለ ዝናብ ነው፣ ሌላ የለበትም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አልጋ እንዳታነጥፊ፣ ልኖር አይደለም የምመጣው። የአንድ ጠዋት ሥራ አለኝ። ቄሱ ይመጣሉ፣ ባቻ ይመጣል፣ ወሰኔም፣ በመኪና ስትጓዝ የሚያስመልሳት ሴት፣ «እኔም እመጣለሁ» ብላለች። ማታ የምናድረው ነመራ ቤት ነው፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ከሚያረዳው ሰው ጣሪያ ሥር አያድርም።

ፈተናው፣ ትምህርቱ፣ ገና ልጅ መሆኑ፣ ይህን ሁሉ ደግሜ መስማት አልፈልግም። አንቺ ደብቀሽው ነበር፣ እኔም በእንግዳ ብዛት ረስቼው ነበር። ሁለታችንም ወደነዋል፣ ሁለታችንም ሰው አላደረግነውም። ወንድሙ እንደሞተ ከስልክ ላይ ያነበበ ልጅ ይህን ሁሉ ወር ቆሞ መክረሙ ይደንቀኛል።

አንቺ የምትሠሪው ይህን ነው። እሑድ ጠዋት ምግብ እንዳትሰጪው። ወደ የትም እንዳይወጣ፣ ከቤት ይሁን። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠጊልን፤ እንዲቀመጥባቸው ሳይሆን፣ ሲወድቅ እንዳይጎዱት። ጎረቤቶችሽን ዓርብ ዕለት በጆሯቸው ንገሪያቸው፤ እሪ ሲል ሰምተው ይግቡ፣ ብቻውን እንዳይጮህ።

ሙሉ ስሙን ጠርቼ ነው የምነግረው፣ ከነአባቱ። ጉልበቴ ይችላል። ድምፄ ከከዳኝ ቄሱ ይቀጥላሉ።

ጎህ ሳይቀድ እናንኳኳለን። ብትነቂም ተኝተሽ ቆዪ። በሩን አንቺ እንዳትከፍቺ። እሱ ይክፈተው።

እናትሽ ፀጋ